ባለ ብረት ቆቡ ጌታ

አሁን በምሠራባት በሂርና፣ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ነበር። ወጣት ነው፤ ሱፉ ትንሽ ሰፍቶታል፤ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ታቅፎ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ትምህርቱ በፊልሞች ውስጥ ስለተደበቁ ምልክቶች ነበር። ፊልሙን ትንሽ ያስኬድና ድንገት ያቆመዋል፤ ከዚያ በእንጨት እየጠቆመ «ይሄ ምንድን ነው? ዓይን! ይሄስ? ሦስት ማዕዘን!» ይላል። ወጣቶቹ «በኢየሱስ ስም!» እያሉ ይሳቀቃሉ። መጨረሻ ላይ ከአንድ የብስኩት ማስታወቂያ ውስጥ ሳይቀር ቀንድ አወጣ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሳቄ አላስቀምጥ ሲለኝ አጠገቤ የነበረችው እህት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

በሰውዬው አልነበረም የሳቅኩት። ሥራውን ስለማውቀው ነው። እሱ እንጨቱን ከማንሳቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ እኔና የአከራያችን ልጅ ጭሮ ውስጥ መጅሊስ በሚባለው የዓረብ ፍራሽ ላይ በደረታችን ተኝተን ከፊልም ውስጥ የተደበቀ ነገር ስንፈልግ ከርመናል። ልዩነታችን እሱ የሚፈልገው ሰይጣንን መሆኑ ነው። እኛ የፈለግነው ጌታን ነበር። ደግሞም አግኝተነው ነበር፤ ጣጣው የመጣው ካገኘነው በኋላ ነው።

ትልልቆቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚሏት ጭሮ ዙሪያዋ ተራራ ነው። በክረምት ጉሙ ከተራራው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ወደ ሐረር የሚያልፉት መኪኖች መጀመሪያ ድምፃቸው ይመጣል፣ መኪናው ራሱ ግን ቆይቶ ነው የሚታየው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ሳይታይ ያልፋል። ልጅ ሆኜ ያልታዩት መኪኖች የት እንደሚደርሱ አስብ ነበር። እናቴ ከደቡብ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። አባቴ ቦኬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነበር የሚሠራው፤ ቅዳሜ አቧራ ለብሶ ይመጣል፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ተመልሶ ይሄዳል። ዝምተኛ ሰው ነው። ፊልም የሚባል ነገር ለሱ «ዓለም» ነበር፤ ዓለም ደግሞ ቤታችን አይገባም። እኔ አንዲት ልጃቸው ነኝ።

ዓለም የነበረው ከግቢው ማዶ፣ አከራያችን ሳሎን ውስጥ ነው። አከራያችን ሳቋ መንገድ ድረስ የሚሰማ ሙስሊም ሴትዮ ናት፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ዲሹንም ቴሌቪዥኑንም ከድሬዳዋ ጭኖ ያመጣው እሱ ነው። ሳሎኑ ዙሪያውን መጅሊስ የተነጠፈበት፣ ወለሉ ምንጣፍ የሆነ፣ መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋ ክፍል ነበር። ቀን ቀን ስንገባ ከውጭው ብርሃን የተነሳ ለትንሽ ጊዜ ምንም አይታየንም፤ ከዚያ ቀስ እያለ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ፣ ቀጥሎ የጓደኛዬ ነጭ ሻርፕ ከጨለማው ይወጣል። እስከዛሬ ሕልም የማየው በዚያ ክፍል ብርሃን ነው።

ጓደኛዬ የአከራያችን ልጅ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ። ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት ከኔ ጋር ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሳሎን። የምናየው የዓረብ ጣቢያ በእንግሊዝኛ የተሠሩ ፊልሞችን ያሳያል፤ ከሥር በዓረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። እሷ የዓረብኛውን ፊደል እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ ትርጉሙን ግን ዱዓ ላይ ካሉት ቃላት በቀር አታውቀውም። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤትና ከእንግሊዝኛ መዝሙር የለቃቀምኳቸው ቃላት ነበሩኝ። እሷ ከሥር ታነባለች፣ እኔ ከላይ እሰማለሁ። «ማል ጄዴ?» ትለኛለች፣ ምን አለ ማለቷ ነው። እኔም ያልገባኝን ሁሉ እንደገባኝ አድርጌ እነግራታለሁ። በሁለታችን መሐል አንድ ሙሉ ሰው አይወጣም ነበር፤ ቢሆንም ያላየነው ፊልም የለም።

ከሁሉም ግን አንዱ ፊልም የኛ ነበር። ጣቢያው ደጋግሞ ያመጣዋል፤ የከተማው መብራት ደግሞ ደጋግሞ ያቋርጠዋል። ስለዚህ መሐሉን ከመጀመሪያው በፊት አየነው፣ መጀመሪያውን ከብዙ ወር በኋላ፣ መጨረሻውን ግን አይተነው አናውቅም። መብራት ሲሄድ ከጨለማው ሳሎን አንወጣም። ወደ ጠፋው የቴሌቪዥን መስታወት እያየን እሷ አንድ ነገር ትላለች፣ እኔ እቀጥላለሁ፤ ፈረሶቹ ይሮጣሉ፣ ዛፎቹ ይናገራሉ። ዛሬ ያንን ፊልም ሳስብ ከስክሪኑ ያየሁትን ጨለማው ውስጥ ከፈጠርነው መለየት ያቅተኛል። ሰማያዊ ፈረስ ትዝ ይለኛል። ሰማያዊ ፈረስ እንዳልነበረው እርግጠኛ ነኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወንዙ የደረቀበት አገር አለ። ከወንዙ ራስ፣ ከተራራ ላይ፣ የድንጋይ ማማ ቆሟል፤ ውሃውን ይዞ ያስቀረው በዚያ ማማ የሚኖር የብረት ቆብ ያጠለቀ ሰው ነው። ፊቱ አንድም ጊዜ አይታይም። ለውሃ የምትዘፍን አንዲት ልጅ አለች፤ እሷ ስትዘፍን ከድንጋይ ሥር ጠብታ ይወጣል። ባለ ብረት ቆቡ ወታደር ልኮ ልጅቷን ወደ ማማው አስወሰዳት። ደግሞ አንድ ጠማማ ሽማግሌ አለ፤ ድሮ ሰው በጀልባ ያሻግር የነበረ። ወንዙ ሲደርቅ ጀልባውን አልጣለም፤ በጀርባው ተሸክሞ በደረቁ አሸዋ ላይ እያነከሰ ይሄዳል፣ ብቻውን ይስቃል። አንድ ዓይኑ ነጭ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ወታደሮቹ ባለ ብረት ቆቡ ፊት ተንበርክከው «ማይ ሎርድ» አሉ።

እኔ ከመጅሊሱ ብድግ አልኩ። ሎርድ! ይሄንን ቃል ማንም እንዲተረጉምልኝ አያስፈልገኝም፤ ወጣት መዘምራን ጊታር ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚዘምሩት ቃል ነው። «ጌታ አሉት!» አልኳት። «ጌታ እኮ ነው! ለካ ተደብቆ ነው!» ጓደኛዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ዓይኗ ከሥር ያለው ጽሑፍ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «መውላይ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «መውላና እኮ ዱዓ ላይ አለ። ለረቢ፣ ለአላህ ነው የምንለው። ወላሂ!»

በቃ። እኔ ከላይ በእንግሊዝኛ ሰምቻለሁ፣ እሷ ከሥር በዓረብኛ አንብባለች፤ አንዳችን ለአንዳችን አልነገርንም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? የኔም ሃይማኖት የሷም ሃይማኖት አንድ ሰው ላይ ተገናኙ። እናቷ ከጓዳ ሰምታ «አስተግፊሩላህ! ረቢ በቴሌቪዥን አይታይም፣ አንቺ ልጅ!» ብላ ስትጮህ፣ ጓደኛዬ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ «ለዚያ ነዋ ፊቱን የሸፈነው።»

ከዚያ ወዲያ ሥራችን እሱ የሚያደርገውን ክፉ ነገር ሁሉ ማስተካከል ሆነ። ወንዙን ማድረቁ ሰዎቹ ኃጢአት ስለሠሩ ነው። መንደር ማቃጠሉ ፈተና ነው፤ ልጁን በቢላ እንዲሠዋ የታዘዘውን አባት ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ እሷ ከመድረሳ እኔ ከሰንበት ትምህርት ቤት። ልጅቷን ማስወሰዱስ? እሱ ቀላል ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰው ሲሞት «ጌታ ወዶ ወሰዳት» ይባል የለም? ወዶ ወሰዳት ማለት ነው። ጠማማውን ሽማግሌ ለመለየት ደግሞ ደቂቃ አልፈጀብንም። እሷ «ሸይጧን» አለች፣ እኔ «ሰይጣን» አልኩ፣ ስሙም ያው ስለሆነ ተሳሳቅን። ብቻውን የሚስቅ፣ የሚያነክስ፣ ዓይኑ የነጣ፣ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

በዚያው ዓመት ክረምት እናቴ ታመመች።

መጀመሪያ ድካም ነው አለች። ከዚያ ምግብ እምቢ አላት፤ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ነጭ ጋውኗ ትከሻዋ ላይ ይንጠለጠል ጀመር። ጉበቷ ነው ተባለ። አዳማ እንድትታይ ሲጻፍላት አባቴ ከቦኬ መጣና ሦስታችንም በአውቶቡስ ወረድን። ከጭሮ ቁልቁል ወደ ቆላው ስንወርድ ብርዱ ቀረ፣ ጉሙ ቀረ፣ አፈሩ ነጣ። አሰቦት ስንደርስ ከሜዳው ላይ ብቻውን የቆመውን ተራራ አየሁት። ነጠላ ያጣፉ ሰዎች በአቧራው ውስጥ ወደ ገዳሙ ይሄዳሉ። እናቴ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኝታለች፤ ትኩሳቷ በልብሴ ውስጥ ይሰማኛል። እኔ ያየሁት ገዳም አልነበረም፤ ማማውን ነው። ጌታ እዚያ ላይ ብረቱን አጥልቆ ተቀምጧል፣ ውሃውንም ልጅቷንም ይዞ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ተራራው ከኛ ጋር አብሮ የሚሄድ ይመስላል። በሆዴ ተሳልኩ፤ በፊልሙ መጨረሻ የውሃዋን ልጅ ከመለስካት እናቴንም ትተውልኛለህ፣ አልኩት። መልስ እንዳልሰጠኝ አውቃለሁ፤ ግን እምቢም አላለኝም።

ከአዳማ መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ሐኪሞቹ ምን እንዳሏት እናቴ ለኔ አልነገረችኝም፤ አባቴም ቦኬ ሄዶ ሲመለስ በየሳምንቱ እያነሰ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ክፍላችንን ሞልተው እየጮኹ ይጸልያሉ፣ «ጌታ ይፈውስሻል» ይሏታል። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ጌታ ፊልሙን እንዲጨርሰው እጸልያለሁ። ስለቴን የነገርኩት ለጓደኛዬ ብቻ ነው። በጣም አሰበችበት። «ይመልሳታል፣ ኢንሻላህ» አለችኝ።

አከራያችን አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመችና ወገቧን ያዘች። «አንቺ ሲስተር፣» አለች፤ ከተማው ሁሉ እናቴን ሲስተር ነበር የሚላት፤ «ብቻሽን እዚህ እርጥበት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ኮቱ! ነይ እኔ ጋ ተኚ።» ለማንም ሰው «አንቺ» ነው የምትለው፤ «እርስዎ» የሚለውን አማርኛ አልለመደችውም፣ ማንም ተቀይሟት አያውቅም። እናቴን ደግፋ ወስዳ ሳሎኗ መጅሊስ ላይ አስተኛቻት፣ ብርድ ልብስ ደረበችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የቀኑን ጊዜ በዓለም ውስጥ ማሳለፍ ጀመረች። አባቴ ቅዳሜ መጥቶ እዚያ ሲያገኛት በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባና ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

እናቴ አታይም፣ ትተኛለች። ፊልሙ ግን ወደ እንቅልፏ ይገባል። ዓይኗ እንደተጨፈነ ታወራለች፤ «ውሃውን ክፈቱላቸው እንጂ» ትላለች፣ ወይም ደግሞ አልጋ ቁጥር ትጠራና የማትታይ ነርስ ታዝዛለች። ጓደኛዬና እኔ እንተያያለን። እሷ ከኛ ይልቅ ወደ ውስጥ ገብታለች ብለን እናምን ነበር፤ እኛ ከመስታወቱ ወዲህ ነን፣ እናቴ ወዲያ ማዶ።

ፊልሙ መጣ። በጋ ነበር፤ በመጋረጃው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ምንጣፉ ላይ ቀጭን መስመር ሠርቷል። እንደወትሮው መብራት የሚሄድበት ቦታ ደረሰ፣ አልሄደም። ወታደሮቹ ተንበረከኩ፣ ልጅቷ ማማው ውስጥ ዘፈነች፤ አልሄደም። ከዚያ በኋላ አይተነው የማናውቀው ነገር መጣ። ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ።

ጠማማው ሽማግሌ ጀልባውን በጀርባው እንደተሸከመ የተራራውን ዳገት ይወጣል። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይስቃል። «ጌታ ሆይ፣ መጣብህ!» እያልኩ ነበር እኔ። ማማው ሥር ሲደርስ ጀልባውን አወረደ፤ ውሃውን የዘጋውን ድንጋይ በመቅዘፊያው ፈነቀለው። ውሃው ወጣ። እንዴት ያለ ውሃ! ሳሎኑ በድምፁ ተሞላ፣ እናቴ ተገላበጠች። ባለ ብረት ቆቡ ሊሸሽ ሲል ብረቱ ከበደውና ሰመጠ። እጁ ብቻ ለትንሽ ጊዜ ታየች።

ጓደኛዬ ጮኸች። «ሞተ!» ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። እጄን ለቀቀችና በቁጣ ተነሳች። «ረቢ አይሞትም! አይሞትም እኮ! እሱ አይደለም፣ ተሳስተናል።» ሃይማኖቷ ወዲያውኑ አረማት። የኔው ግን የባሰ ገደል ውስጥ ከተተኝ። እኔ መሞቱን ሳይ ጭራሽ እርግጠኛ ሆንኩ። የኔ ጌታ ይሞታላ! መሞቱ አይደል ምልክቱ? «ቁጭ በይ፣ ይነሳል» አልኳት። ዓይኔን ከሰመጠበት ቦታ ላይ አልነቀልኩም። ውሃው ላይ ሌላ ብዙ ነገር ይካሄዳል፣ ሰዎች ይሮጣሉ፣ ሙዚቃ አለ፤ እኔ የማየው ያንን አንድ ቦታ ነው። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረና ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

«አለቀ» አለች ጓደኛዬ።

«አላለቀም። ሞተ እንጂ መች ተነሳ?»

ስሙ ይወጣል። ነጭ ስም፣ ማለቂያ የሌለው። እኔ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ «ተነሣ፣ ተነሣ» እላለሁ። ስሙ አልቆ የዱቄት ሳሙና ማስታወቂያ መጣ። እኔ አልተነሳሁም።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለ ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ መቼ እንደነቃች አላውቅም።

«ጌታን።»

«የቱን ጌታ?»

«ባለ ብረት ቆቡን። ሎርድ ነው ያሉት እኮ፣ እማ። እሷም በዓረብኛ አንብባዋለች።»

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ሆዷን ይዛ፣ እያመማት፣ «ወይኔ ጉዴ!» እያለች፣ እንባዋ ቢጫው ዓይኗን አልፎ ጆሮዋ ውስጥ እየገባ። አከራያችን ደንግጣ ከጓዳ መጣች፣ ነገሩ ሲነገራት እሷም መጅሊሱ ላይ ተዘረረች። ጓደኛዬና እኔ መሐል ቤት ቆመን ተዋረድን። ለትንሽ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው ያለ አይመስልም ነበር፤ ያችን ሰዓት እስከዛሬ እወዳታለሁ።

«ሎርድ ማለት እንደ ድሮ ባላባት ነው» አለችን እናቴ ትንፋሿ ሲመለስ። «መሬት ያለው ሰውዬ። ወታደሮቹ ጌታዬ የሚሉት እንጀራቸው ስለሆነ ነው። ከኛ ጌታ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት።» ትንሽ አረፍ አለችና ደግሞ «ለመሆኑ ጌታን የምትፈልጉ ከሆነ፣ እንጨት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣውን ሰውዬ አታዩም ነበር?» አለች።

«እሱማ ሸይጧኑ ነው!» አለች ጓደኛዬ፣ እናቴ እንደገና ሳቀች።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ጌታ ጌታ ካልሆነ ስለቴ ማን ጋ ነው ያለው? ጓደኛዬና እናቷ ወደ ጓዳ ሲገቡ የእናቴ ብርድ ልብስ ሥር ገባሁና የአውቶቡሱን ነገር ሁሉ ነገርኳት። የሳቋ እንባ ገና አልደረቀም።

«ልጅቷ ተመልሳለች እኮ» አለችኝ። «አላየሽም? ሽማግሌው ጀልባው ውስጥ አስቀምጦ ወደ ሀገሯ ገፋት። አንቺ የሰመጠውን ስታዪ ነው ያመለጠሽ።»

«ስለዚህ ትድኛለሽ!»

እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። የነርስ እጅ ነው፤ ሰው የምትዳስሰው ለመንካት ብቻ አልነበረም፣ ሙቀትሽን እየለካች ይመስላል። «ያ ፊልም እኔን አያውቀኝም፣ የኔ ልጅ» አለች።

«ጌታስ? የኛው?»

«እሱ ያውቀኛል።»

«ታዲያ ያድንሻል?»

ውሸት ልትነግረኝ ትችል ነበር። ቤቱን ሞልተው የሚጸልዩት ሁሉ ይነግሩኝ የነበረውን ልትነግረኝ ትችል ነበር። «አላውቅም» አለችኝ። «እሱ ያውቀኛል እንጂ እኔ እሱ የሚያደርገውን ሁሉ አላውቅለትም።» ከዚያ ዓይኖቿን ጨፈነች። ተናደድኩባት። ነርስ ሆና፣ አማኝ ሆና፣ እናቴ ሆና እንዴት አላውቅም ትላለች? ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አጠገቧ ተኛሁ፤ የመጋረጃው ብርሃን ምንጣፉን አቋርጦ ግድግዳው ላይ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ነበርን።

ክረምቱ ሳይገባ ሞተች።

ድንኳኑ የተተከለው አከራያችን ግቢ ውስጥ ነው። ደጋግመው የሚመጡት የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች እቅፍ አድርገው «አይዞሽ፣ ጌታ ወዶ ወሰዳት» ይሉኛል። አንዷ ከሌላዋ እየተቀበለች፣ ጌታ ወሰዳት፣ ጌታ ወሰዳት። በመጨረሻ አንዷን ከእቅፏ ወጥቼ «የትኛው?» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«የትኛው ጌታ ነው የወሰዳት?»

ሴትየዋ ደነገጠች። ልጅቷ ሐዘን ነካት፣ ውሃ ስጧት፣ ተባለ። አንዷ ግንባሬ ላይ እጇን ጭና መጸለይ ጀመረች። ከወንዶቹ በኩል አባቴ ተነስቶ መጣና በክንዴ ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ሮቶው ሥር ወሰደኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ጄሪካን ገልብጦ ተቀመጠ፣ ቁመቱ ከኔ እኩል ሆነ። ቀብሩ ላይ አላለቀሰም ነበር፤ ሰው ሁሉ ጥንካሬውን ያደንቃል።

«የትኛው ጌታ ማለትሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ፊልም በሕይወቱ አይቶ ለማያውቀው አባቴ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ በቅደም ተከተል ሳወራው የመጀመሪያዬ ነበር። የደረቀውን ወንዝ፣ ፊቱ የማይታየውን ሰውዬ፣ ሎርድ መባሉን፣ የኛን ስህተት፣ የእናቴን ሳቅ። ሽማግሌው ጀልባውን ተሸክሞ ዳገቱን እንደወጣ፣ ውሃውን እንደለቀቀው። እናቴ እንዳለችው፣ ልጅቷን ጀልባው ውስጥ አስቀምጦ እንደገፋት። ከሮቶው የሚንጠባጠበው ውሃ የአባቴ ጫማ ላይ ይወርዳል፣ አላራቀውም።

«ሽማግሌውስ?» አለኝ።

«እሱ እዚያው ቀረ።»

«ልጅቷ ብቻዋን ሄደች?»

«አዎ።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። ስለ ጌታ ይነግረኛል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር፤ እሁድ እሁድ ሰዎች ጥያቄ ሲኖራቸው እሱን ነበር የሚጠይቁት።

«ጀልባዋ ለሁለት አትበቃም ነበር?» አለ።

«ትንሽ ናት።»

«ጠጋ ጠጋ ቢሉስ?»

«አትበቃም፣ አባ» አልኩት፤ አባቴም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።